ቴፕ፣ ሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየር ወይስ የአያት ራዲዮ? የጀማሪ ጠጋኝ ምርጫ

አሮጌ የድምፅ መሣሪያዎችን መጠገን በትርፍ ጊዜዬ ከያዝኩ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የምኖረው አዳማ ነው፤ እንጀራዬ መምህርነት ነው። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሰው በጉጉት ሲገባበትና ወዲያው ሲተወው አይቻለሁ። የተዉት እጃቸው አልሠራ ብሎ አይደለም፤ ገና ዕቃውን ሲመርጡ ስለተሳሳቱ ነው። አንዱ ወዳጄ የአያቱን የእንጨት ራዲዮ ከቆጥ አውርዶ በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰካው። ጭሱን ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ከዚያ ወዲያ የራዲዮውን ክዳን ከፍቶ አያውቅም። ሌላው ዓይን የሚስብ ሸክላ ማጫወቻ በብዙ ብር ገዛ፤ ቤቱ ውስጥ ግን አንድም ሸክላ አልነበረም። ሁለቱም በሌላ ዕቃ ቢጀምሩ ኖሮ ዛሬ ከእኔ ጋር ጠረጴዛ ላይ ያጎነብሱ ነበር።

ስለዚህ «ከየትኛው ልጀምር?» ለሚለኝ ሰው ስለ ዕቃው ስምና ዋጋ ከማውራቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። የመጀመሪያው፣ በቤትህ የሚደመጥ ምን አለ? ካሴት ነው፣ ሸክላ ነው ወይስ ራዲዮ ብቻ? ሁለተኛው፣ ዕቃው ሲበላሽ ጥፋቱ በዓይን የሚታይ ነው ወይስ በመለኪያ ብቻ የሚገኝ? የተቆረጠ ቀበቶ፣ የተበላ ስፖንጅ፣ የደረቀ ቅባት ማንም ያየዋል። ካፓሲተር የሚባለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ክፍል ግን ከውስጥ ደርቆም ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ጀማሪ ጥፋቱን የሚያይበትን ዕቃ ይምረጥ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው።

ከመግዛት በፊት ጀርባውን አንብቡ

የትኛውንም ዕቃ ብትመርጡ መጀመሪያ አዙሩትና በጀርባው የተጻፈውን የኤሌክትሪክ መጠን እዩ። የእኛ ሀገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ፊሊፕስ ወይም ግሩንዲግ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው የቮልት መምረጫ አለው፤ 110፣ 127፣ 220 እያለ በሳንቲም ይዞራል። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠራ ግን 100 ቮልት ብቻ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ 120። እነዚህን ያለ ማውረጃ ትራንስፎርመር ከሰካችሁ በአንድ ሰከንድ ዕቃውን ታጣላችሁ። የማውረጃው ትራንስፎርመር ዋጋ የዕቃው ዋጋ አካል መሆኑን ቆጥራችሁ ግዙ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ጉዳይ ደግሞ ኸርትዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ማስተካከል ይቻላል፤ ኸርትዙን ግን ትራንስፎርመር አይለውጠውም። በ60 ኸርትዝ እንዲዞር የተሠራ የሸክላ ማጫወቻ ሞተር፣ ፍጥነቱን ከኤሌክትሪኩ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ፣ እኛ ዘንድ በአምስት ስድስተኛ ፍጥነት ይዞራል። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ ወደ 28 ገደማ ይወርዳል፤ ዘፋኙ እንቅልፍ የተጫነው ይመስላል። ለካሴት ቴፕ ይህ ስጋት የለም፤ አብዛኞቹ በውስጣቸው የባትሪ ዓይነት ሞተር ስላላቸው ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቆጣጠራሉ።

ራዲዮ ያለበት ዕቃ ከሆነ ደግሞ የኤፍ ኤሙን ቁጥር እዩ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ብዙ የጀርመን ራዲዮኖች 100 ላይ ያበቃሉ። እንደ ፋና 98.1 ያለው በጀርመኑ ላይ ይደረስበታል፤ እንደ ሸገር 102.1 ያለው ግን ከመስመሩ ውጭ ነው። መርፌዋ እስከ መጨረሻው ተጉዛ የምትወዱት ጣቢያ ሳይመጣ ሲቀር ዕቃው የተበላሸ ይመስላችኋል፤ ዕቃው ግን ጤነኛ ነው።

በስፒከር መጀመር

እኔ ብጠየቅ የሰው የመጀመሪያ ሥራ ስፒከር ቢሆን እመርጣለሁ። ሶኬት ላይ አይሰካም፤ ስለዚህ አይነዝርም። ጥፋቱ በዓይን ይታያል። የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ስፒከሮች ብዙዎቹ በወረቀቱ ዙሪያ የስፖንጅ ቀለበት አላቸው፤ ይህ ስፖንጅ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ጣታችሁን ስታስነኩት ብናኝ ሆኖ ከወረደ ጥፋቱ እሱ ነው። ቀለበቱ ከጨርቅ ወይም ከጎማ የተሠራ ከሆነ ግን ሳይነካ ሊቆይ ይችላል፤ በአንድ ዋጋ ሁለት ስፒከር ከቀረበላችሁ የጨርቁን ውሰዱ።

አዲስ ስፖንጅ ስትለጥፉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ወረቀቱን መሃል ማስቀመጥ ነው። ሙጫው ከመድረቁ በፊት ወረቀቱን በአራት ጣት እኩል አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ጫን፣ ለቀቅ አድርጉት። የመፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ከውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ትንሽ ገፋ አድርጉትና እንደገና ሞክሩ። ዝም ሲል ተዉት፤ እስኪደርቅ አትንኩት። በመጨረሻ አንዲት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ውሰዱ፤ ፖዘቲቩን በቀይ ምልክት ላይ፣ ኔጌቲቩን በሌላው ላይ ለቅጽበት አስነኩ። ወረቀቱ ወደ ፊት ብቅ ካለ ሽቦው በትክክል ገብቷል። ሁለቱም ስፒከሮች አብረው ወደ ፊት መውጣት አለባቸው፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ከገባ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል።

የካሴት ቴፕ

በስፒከር እጁን ላፍታታና ቤቱ ካሴት ላለው ሰው ሁለተኛው ቴፕ ነው። በእኛ ሀገር ቤት ውስጥ ካሴት የሌለበት መሳቢያ ጥቂት ነው። ፊሊፕስ ካሴትን ያወጣው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሸክላውን ተክቶ የብዙ ዓመት ሙዚቃ፣ ስብከት፣ መንዙማና የሠርግ ድምፅ የያዘው እሱ ነው። ደብዳቤም ነበር። ወደ ዐረብ ሀገር የሄደ ሰው ወረቀት ከመጻፍ ይልቅ ድምፁን ቀርጾ በሰው እጅ ይልክ ነበር።

ጥፋቱ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ያህል አንድ ነው፤ ቀበቶ። ሞተሩን ከመሽከርከሪያው ጋር የሚያገናኘው ቀጭን የጎማ ቀበቶ ከጊዜ ብዛት ይላላል፣ ይቆረጣል፤ ሲከፋም ይቀልጣል። የቀለጠ ቀበቶ ማየት ለመጀመሪያ ጊዜ ያስደነግጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንዲት ጎረቤታችን በነጠላ የተጠቀለለ ቴፕ ይዘው መጡ። በላዩ ላይ አንድ ካሴት በላስቲክ ታስሯል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይናገር ይሆን?» አሉኝ።

«እንሞክራለን እትዬ። ካሴቱን ግን አሁን አናስገባውም፤ ቴፑ ከበላው መመለሻ የለውም።»

«እሱ ከጅዳ የላከው ነው» ብለው ዝም አሉ። ወንድማቸው መሆኑን አውቅ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል።

ቴፑን ስከፍተው ቀበቶው እንደ ሬንጅ ቀልጦ መሽከርከሪያው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ይህ ጥቁር ነገር ጣት ላይ ከተለጠፈ ለቀናት አይለቅም፤ ስለዚህ ጓንት አደረግሁ። ትልቁን በጥርስ መፈቅፈቂያ እንጨት ገፈፍኩ፤ የቀረውን ደግሞ አልኮል በነከርኩት የጆሮ ጥጥ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ጠረግሁ። ጥጥ ከሠላሳ በላይ ጨረስኩ። የሞተሩን ትንሽ ዘንግ ዙሪያ መርሳት የተለመደ ነው፤ እዚያ አንዲት ጠብታ ሬንጅ ከቀረች አዲሱ ቀበቶ ይዘላል፤ ድምፁም ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀበቶው የሚሄድበትን መንገድ በክር ለካሁ፤ ከክሩ ርዝመት በመቶ አምስት ያህል የሚያንስ ቀበቶ ፈልጌ አስገባሁ። ካሴቱን ሳላስገባ በፊት ሌላ ዋጋ የሌለው ካሴት ለአንድ ሰዓት አጫወትኩ። የእሳቸውን ግን መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው አጠነጠንኩት፤ ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃልና። ሲከፈት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር እየተቀዳ ነበር። ድምፁ ወጣ፤ «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ።» እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

ያን ቀን ሥራውን የሠራው ሃያ ሳንቲ ሜትር የማትሞላ የጎማ ቀለበት ናት። ቴፕን ለጀማሪ የምመክረው ለዚህ ነው። ሥራው ጥቃቅን ነው፤ ዓይንና ጣት ይፈልጋል፤ በውስጡ ግን የሚገድል ቮልት የሚገኘው ከሶኬቱ መስመርና ከትራንስፎርመሩ መግቢያ አካባቢ ብቻ ነው። ስፒናውን ነቅላችሁ ከሠራችሁ ደህና ናችሁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። በቀበቶ ፋንታ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ወይም ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት ማስገባት በሰፈር የተለመደ ነው። ይዞራል፤ ግን ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ድምፁ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ሌላው፣ ቴፑን የሚጎትተውን ጥቁር ጎማ በአልኮል ደጋግማችሁ አትጠቡት፤ ይደርቃል። የሚያነበውን ሄድ በአልኮል፣ ጎማውን በጥቂት ሳሙናና ውኃ እርጥብ ባደረጋችሁት ጨርቅ አጽዱ። ሦስት ሄድ፣ ሁለት ሞተርና ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ቁልፍ ያላቸውን ትልልቅ ቴፖች ለኋላ አቆዩአቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሞተርና ተጭነው ቀጭ የሚሉ ቁልፎች ያሉት ይበቃል።

ሸክላ ማጫወቻ

ሸክላ ማጫወቻ ለመጠገን ከሁሉም ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለማስተዳደር ግን ውድ ነው። ውስጡ አንድ ሞተር፣ አንድ ቀበቶ ወይም የጎማ መንኮራኩር፣ አንድ ክንድ ነው። የደረቀውን ቅባት ጠርጎ በሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት መተካት ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ወጪው ያለው መርፌው ላይ ነው። የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ አሮጌ ዕቃ ስትገዙ መርፌው ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚነግራችሁ የለም፤ ስለዚህ አዲስ መርፌ እንደምትገዙ አድርጋችሁ አስቡ።

የመርፌውን ዓይነት መለየት የግድ ነው። እንደ ሻንጣ በሚዘጉት ርካሽ ማጫወቻዎችና ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ የእንጨት ሣጥን በያዙት በብዙ ራዲዮግራሞች ላይ ያለው ሴራሚክ የሚባለው ነው፤ ሸክላው ላይ ከ3 እስከ 6 ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጫናል። ማግኔት ያለው ዓይነት ግን ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 3 ግራም ይበቃዋል። ይህን የምለው ለአንድ ምክንያት ነው። አምሃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሳተማቸው ወይም ከዚያ ዘመን ከሌሎች አሳታሚዎች ከወጡት የሀገራችን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አንዱ ካላችሁ፣ በከባድና በተበላ መርፌ አታጫውቱት። ያ ሸክላ ከተፋቀ የተፋቀው ሙዚቃ አይመለስም፤ የሚተካ ቅጂ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋ ነው። እንዲህ ያለ ሸክላ ያለው ሰው ማግኔት መርፌ ያለው ማጫወቻ ይምረጥ። የማግኔቱ ድምፅ በጣም ደካማ ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ፎኖ የሚል መግቢያ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው የፎኖ ማጉያ ለብቻው ይገዛል። ሸክላ ከሌላችሁ ግን ይህን ክፍል ዝለሉት፤ ማጫወቻውን ገዝቶ ሸክላ መፈለግ መንገዱን ከጫፉ መጀመር ነው።

ራዲዮግራምን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ። መጀመሪያ ሣጥኑን ከታች በኩል በካቻቢቴ ጫፍ ውጉት። ምስጥ የገባበት ከሆነ ካቻቢቴው ያለ ችግር ይገባል፤ ያኔ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ።

አምፕሊፋየር

ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀሩት ፓዮኒር፣ ሳንሱይ፣ ማራንትዝና ኬንውድ አምፕሊፋየሮች ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎች የተሻለ ድምፅ አላቸው የሚለውን እኔም አምናለሁ። ክብደታቸው ራሱ ይናገራል፤ ትልቅ ትራንስፎርመርና ወፍራም የሙቀት መበተኛ ብረት ይዘዋል። ሞት የሚመስለው ግማሹ ጥፋታቸውም አቧራ ነው። አዳማ ነፋስ አይጠፋባትም፤ ከከተማዋ ዳር የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች ለከንቱ እዚያ አልቆሙም። ያ ነፋስ የሚያመጣው ደቃቅ አቧራ የድምፅ መጨመሪያው ውስጥ ይገባና ስታዞሩት ክርር ክርር ይላል፤ አንዱ ስፒከርም ይጠፋል። የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ፈሳሽ ረጭቶ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማዞር ያድነዋል። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ግን አትርጩ፤ ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል፣ ኋላ አቧራውን አጣብቆ ያስቀምጠዋል።

ታዲያ ለምን ለጀማሪ ከስፒከርና ከቴፕ ቀጥሎ ሦስተኛ ላይ አስቀመጥሁት? የቀረው ግማሽ ጥፋቱ አይታይም። ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ልማድ ያስፈልጋል። ስፒከር ከማገናኘታችሁ በፊት፣ ድምፁን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ፣ የስፒከሩን መውጫ በቀጥተኛ ቮልት ለኩ። ከ50 ሚሊ ቮልት በታች ከሆነ መልካም ነው። ሙሉ ቮልቶች ካሳየ ውስጡ ያለ ትራንዚስተር ሞቷል፤ ስፒከር ብታገናኙ የስፒከሩ ሽቦ ይቃጠላል። አንድ ጊዜ አንድ ጠጋኝ «ተሠርቷል» ብሎ የመለሰልኝን አምፕሊፋየር ሳልለካ አገናኘሁና ስፖንጁን ራሴ የቀየርኩትን ስፒከር አጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልለካ አላገናኝም።

ትራንዚስተር ስትቀይሩ ያረጀና ከሌላ ዕቃ የተነቀለ እውነተኛ፣ ከአዲስና ከሐሰተኛ ይሻላል። በገበያ ላይ የታወቀ ቁጥር ታትሞባቸው ውስጣቸው ሌላ የሆነ ብዙ አሉ። ካፓሲተር ስትቀይሩ ደግሞ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፤ ቮልቱ ያው ወይም የበለጠ፤ የኔጌቲቩ መስመር በቦታው። ካፓሲተር በሙቀት ቶሎ ይደርቃል፤ በተለምዶ እንደሚባለው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ በየቤቱ አምፕሊፋየር ላይ የሚደረገውን ዳንቴል አይቼ ዝም አልልም። ዳንቴሉ ያምራል፤ ግን የሙቀቱን መውጫ ይዘጋል። ከጎን ይዘርጋ።

የአያት ራዲዮ

አሁን ሁሉም ሰው በልቡ ወደሚያስበው እንምጣ። በመስታወት አምፖል የሚሠራው የእንጨት ራዲዮ፣ አምፖሉ እስኪሞቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል የሚያስጠብቀው፣ ጣቢያ ሲይዝ አረንጓዴ ዓይኑን የሚያጠብበው፣ በመስታወቱ ላይ ሮም፣ ፓሪስ፣ ሂልቨርሱም ተብሎ የተጻፈበት። ከእነዚህ ሁሉ ዕቃዎች ይበልጥ የምወደው እሱን ነው። ለጀማሪ የምከለክለውም እሱን ነው።

ምክንያቱ አንድ ነው፤ ይገድላል። አምፖሎቹ የሚሠሩት ከ200 እስከ 300 ቮልት በሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ያንን ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት በ2,000 ኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ክፍል)፣ በተከለለ ሽቦ፣ ኃይሉን ታፈሳላችሁ፤ ከዚያ በቴስተር ዜሮ መሆኑን ታያላችሁ፤ ከዚያ ብቻ ትነካላችሁ። ይባስ ብሎ ርካሽ ከነበሩት አንዳንዶቹ ትራንስፎርመር የላቸውም፤ የውስጡ ብረት በቀጥታ ከሶኬቱ አንዱ መስመር ጋር ተያይዟል። ባለ ሁለት እግሩ ስፒና በተገለበጠ ቁጥር ያ ብረት በሙሉ ነዛሪ ይሆናል። ጀርባውን ስትከፍቱ ትልቅ ትራንስፎርመር ካላያችሁ ክዳኑን መልሳችሁ ዝጉት።

ትራንስፎርመር ካለውና በስፒከር፣ በቴፕና በአምፕሊፋየር እጃችሁን ካሠለጠናችሁ በኋላ ግን ግቡበት። ለዓመታት የተኛ ራዲዮ በፍጹም በቀጥታ አይሰካም። እኔ የምጠቀመው መንገድ ቀላል ነው። ከራዲዮውና ከሶኬቱ መካከል የድሮውን ባለ ሽቦ የ60 ዋት አምፖል በመስመሩ ላይ አገናኛለሁ። ኤል ኢ ዲ ለዚህ አይሆንም። ማብሪያው ሲበራ አምፖሉ ለቅጽበት ደምቆ ቀስ ብሎ ከደበዘዘ ራዲዮው በመጠኑ እየወሰደ ነው። ደምቆ ከቀረ ግን ውስጡ አንድ ቦታ ያለ አግባብ ተገናኝቷል (ሾርት አድርጓል)፤ አምፖሉ ኃይሉን በራሱ ላይ ስለወሰደ ራዲዮው አልተቃጠለም። ወዳጄ ከቆጥ ያወረደውን ራዲዮ ያቃጠለው ይህችን አምፖል ስላላወቃት ነው።

በመጀመሪያ የሚቀየሩት በሰም የተነከሩት የወረቀት ካፓሲተሮች ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ያፈስሳሉና። በተለይ ከመጨረሻው የድምፅ አምፖል ፊት ያለው ካፈሰሰ ያንን አምፖል ያጠፋል፤ አምፖል ደግሞ ለማግኘት ከሁሉ የሚከብደው ዕቃ ነው። ካፓሲተሩ ጥቂት ብር ነው፤ አምፖሉን ለማግኘት ግን ወራት ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ ራዲዮው ይናገራል፤ ቢሆንም መካከለኛ ሞገድ ላይ ሹክሹክታ ከሞላው አትደንግጡ። የቤቱን ኤል ኢ ዲ አምፖሎችና የስልክ ቻርጀሮች አንድ በአንድ አጥፉ። እኔ ቤት ሁሉም ሲጠፋ፣ ሌሊት፣ ሩቅ የሆኑ ጣቢያዎች ይመጣሉ። መብራት ሲጠፋና ሲመለስ ግን ራዲዮው ከሶኬት ይነቀል፤ ኃይሉ ሲመለስ የሚመጣው ምት የድሮ ዕቃ አይችለውም።

የክር ቴፕ ለሚጠይቁኝ፣ በትልልቅ መጠቅለያ የሚዞረውን ማለቴ ነው፣ በእጃችሁ የተቀዳ ክር ከሌለ ለማስጌጥ ካልሆነ አትግዙት። ክፍሉ አይገኝም፤ ሥራውም የብዙ ዓመት ልምድ ይጠይቃል።

ክፍል ከየት፣ ሥራ ለማን

አዳማ ውስጥ ለጀማሪ የመጀመሪያው ምንጭ ቁራሌው ነው። ሁለት የተበላሹ አንድ ዓይነት ቴፖች አንድ ጤነኛ ይሠራሉ፤ ስለዚህ «ይሄ አልቋል» የሚባለውን አትናቁ። ካፓሲተር፣ ሬዚስተርና ፊውዝ አዲስ አበባ መርካቶ ይገኛል፤ አሮጌ ዕቃ ገልብጦ ክፍል ለመፈለግ ደግሞ ምናለሽ ተራ ቀን የሚያሳልፍ ቦታ ነው። በፈጣን መንገዱ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል፤ እኔ ግን በወር አንድ ጊዜ፣ ዝርዝር ጽፌ ነው የምሄደው። ቀበቶና መርፌ ቀላል ስለሆኑ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በኪሱ ያመጣቸዋል፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ላኩለት፣ ፎቶውንም ጨምሩ።

ራስ መሥራትና ለባለሙያ መስጠት ሲነጻጸሩ ደግሞ መስመሩን እንዲህ አሰምረዋለሁ። ማጽዳት፣ ቀበቶ፣ ስፖንጅ፣ መርፌ፣ ሽቦ መቀጠል የራሳችሁ ናቸው። የሞተር ጥቅልልና የትራንስፎርመር መጠቅለል የባለሙያ ነው። በመካከል ያለውን ለመስጠት ከወሰናችሁ አንድ ነገር ብቻ ለምኑ፤ የተነቀለው ክፍል ይመለስላችሁ። የሚመልስ ጠጋኝ ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ የማይመልስ ግን ምን እንደሠራ ኋላ ማወቅ አይቻልም።

በመጨረሻ ብሉቱዝ ስለማስገባት። ብዙ ወጣቶች የአያታቸውን ራዲዮ ውስጡን አውጥተው ሣጥኑን ብቻ በዘመናዊ ሰሌዳ ይሞላሉ። ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ይሁን፤ ጤነኛ ውስጥ ያለውን ግን አታድርጉት። ከጀርባው ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ መግቢያ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ትራንስፎርመር ያለው መሆኑን ካረጋገጣችሁ ትንሿን የብሉቱዝ መቀበያ በዚያ በኩል ማገናኘት ይቻላል። ምንም አይቆረጥም፣ ምንም አይነቀልም፤ ስትፈልጉ ትነቅሉታላችሁ።

የቀየራችኋቸውን አሮጌ ክፍሎችም አትጣሉ። በፖስታ ውስጥ አድርጓቸው፤ በፖስታው ላይ ምን በምን እንደተቀየረና ቀኑን ጻፉና ሙቀት በማይነካው በክዳኑ ውስጠኛ ጥግ ለጥፉት። ባለፈው ዓመት በከፈትኩት አንድ ራዲዮ ውስጥ እንዲህ ያለ ፖስታ አገኘሁ፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ የእጅ ጽሑፉ የተስተካከለ፣ ሦስት ካፓሲተርና አንድ አምፖል። ራዲዮው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አለቀ፤ የመጀመሪያው ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሶ፣ የትኛው እንደቀረ ጽፎልኝ ነበር።